ከአልጋው ሥር ምን አለ?

ዛሬ ወደ ቁም ነገሩ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። ይህን መጽሔት ለአፍታ አስቀምጡና ጎንበስ ብላችሁ ከአልጋችሁ ሥር ተመልከቱ። ምን አለ?

እናንተ እስክትነግሩኝ በእኔ ቤት የነበረውን ልናዘዝ። ከሠርጋችን ቀን ጀምሮ ከካርቶኑ ያልወጣ የብርጭቆ ስብስብ፣ ጎማዋ የወለቀ ሻንጣ፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ የአንድ እግር ጫማ፣ የደረቀ የቀለም ቆርቆሮ፣ እንዲሁም ባለቤቴ «ትንሽ ነገር ናት የጎደለችው፤ አሠራዋለሁ» እያለ ዓመታት ያስቆጠረው ቴፕ ሬኮርደር ነበሩ። ይህ ሁሉ ከነአቧራው ተኝቶ ሳለ እኔ ጠዋት ማታ «ቤቱ ጠበበን» እያልኩ አማርር ነበር።

በእርግጥም ቤቱ ጠባብ ነበር። ተጋብተን የገባንበት የኪራይ ቤት 3 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ አንድ ክፍል ነው። ማድቤቱ ከሌሎች ተከራዮች ጋር የጋራ ነበር። በዚያ ክፍል ውስጥ አልጋ፣ ሙሉ ሶፋ፣ ቡፌ፣ ቁም ሳጥን፣ መሶብ፣ አራት ጀሪካን፣ አንድ ኩንታል ጤፍና ሁለት ሰው እንኖር ነበር። ቅደም ተከተሉን ሆን ብዬ ነው እንዲህ ያደረግሁት፤ ሰው መጨረሻ ላይ ነበር።

አንድ ቀን አማቴ ዓይናቸውን ሊታከሙ ከደሴ መጡ። ሁለት ሳምንት እንደሚቆዩ አስቀድመን እናውቅ ነበር፤ ፍራሽም ተውሰናል። ማታ ፍራሹን ልንዘረጋ ስንል ግን የሚዘረጋበት ቦታ የለም። በሶፋውና በቡፌው መካከል ብናደርገው ግማሹ ተጣጥፎ ቀረ፤ በበሩ በኩል ብናደርገው በሩ አልከፈት አለ። እርሳቸው የልጃቸውን ቤት ሊያዩ መጥተው ጎረቤት አደሩ። ጠዋት ቡና ተፈልቶ ስንቀመጥ ቤቱን ዞር ዞር ብለው አዩና፣ «ልጄ፣ ይህን ቤት የተከራየው ዕቃው ነው እንዴ?» አሉኝ። ባለቤቴ ሳቀ። እኔ ግን መሬት ብትከፈት ደስ ባለኝ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ባለ ካሬ የሂሳብ ደብተርና ሜትር ይዤ ተቀመጥሁ። ይህን ዘዴ ለሁላችሁም እመክራለሁ፤ ዋጋው የአንድ ደብተር ዋጋ ብቻ ነው። እያንዳንዷን ካሬ እንደ 20 ሳንቲ ሜትር ብትቆጥሯት የእኔ ክፍል በወረቀቱ ላይ 15 ካሬ በ20 ካሬ ይሆናል። ከዚያ እያንዳንዱን ዕቃ እየለካችሁ በልኩ ወረቀት ቆርጡና በሥዕሉ ላይ አስቀምጡት። ሶፋ ከመግፋት ወረቀት መግፋት ይቀላል፤ ወገብም ያድናል።

ውጤቱ አስደነገጠኝ። ከክፍሉ 12 ካሬ ሜትር ውስጥ አልጋው 2.3 ገደማ፣ ሦስቱ ሶፋዎች በድምሩ 3.4 ያህል፣ ቡፌውና ቁም ሳጥኑ ሁለቱም 1 ተኩል ይይዛሉ። 90 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው በር ወደ ውስጥ ሲከፈት የሚጠርገው ብቻ ከ0.6 ካሬ ሜትር ይበልጣል፤ እዚያ ምንም ማስቀመጥ አይቻልም። ጠረጴዛው፣ ጀሪካኖቹ፣ መሶቡና ጤፉ ሲጨመሩ ከ9 ካሬ ሜትር በላይ ተይዟል። ለአማቴ ፍራሽ የሚያስፈልገው 1.7 ካሬ ሜትር ነበር፤ ይህም ቦታ በቤቱ ውስጥ ነበረ። ነገር ግን እዚህ አንድ ስንዝር፣ እዚያ አንድ ክንድ እየሆነ በየዕቃው መካከል ተበጣጥሶ ነበር። ሌላው የታዘብሁት ደግሞ ግድግዳውን ነው። ከወገቤ በላይ ያለው ቤት፣ ከቀን መቁጠሪያውና ከሠርግ ፎቶአችን በቀር፣ እስከ ኮርኒሱ ድረስ ባዶ ነበር።

ይህንን የገጠር እናቶቻችን ከእኛ በፊት ያውቁታል። በአያቴ ቤት መደቡ ቀን መቀመጫ፣ ሌሊት መኝታ ነበር። ከላይ ቆጥ አለ፤ ስልቻውና ቅሉ በየምሰሶው ይንጠለጠላል፤ እህሉ ውጭ በጎተራ ነው። ወለሉ ለሰው የተተወ ነበር። እኛ ከተማ ገብተን ቆጡን ትተን ቡፌ ገዛን። (ቡፌ ያላችሁ አትቆጡኝ፤ እኔም አለኝ። ግን በውስጡ ያለውን ብርጭቆ ለመጨረሻ ጊዜ የጠጣችሁበት መቼ ነው?)

እንግዲህ ሥራው የሚጀምረው ዕቃ በመደርደር ሳይሆን በመቀነስ ነው። ሰው መጀመሪያ ሮጦ መደርደሪያ ይገዛል፤ መደርደሪያውም ራሱ ዕቃ ይሆናል። እኔ ቤት ሦስት ፔርሙዝ ነበረ፤ ሦስቱም የሠርግ ስጦታ ናቸው። አንዱን አስቀርቼ ሁለቱን አዲስ ለተጋቡ ሰጠሁ። (ለእኔ የሰጡኝ ሰዎች ይህን አምድ የሚያነቡ ከሆነ ይቅርታ እጠይቃለሁ።) ትልልቆቹ ድስቶች ግን ፈተኑኝ። «ድግስ ቢመጣስ?» የሚለው ሐሳብ ከእጄ አላስለቀቀኝም። ኋላ ሳስበው በአምስት ዓመት ውስጥ በእነዚያ ድስቶች የሠራሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። የሰፈራችን እድር ድንኳኑም፣ አግዳሚ ወንበሩም፣ ትልልቅ ድስቱም አለው፤ እኛም በየወሩ እንከፍላለን። በ12 ካሬ ሜትር ቤት ውስጥ የእድር ዕቃ ቤት አባዝቶ መኖር ለምን አስፈለገ? አንዱን ሸጥሁ፤ ሁለተኛውን ለእህቴ ሰጠሁ።

ኩንታል ጤፍ የምትገዙ ደግሞ ሒሳቡን በቤታችሁ ስፋትም አስሉት። በጅምላ መግዛት ዋጋ እንደሚቀንስ አውቃለሁ፤ 100 ኪሎ በአንድ ጊዜ ማስቀመጥ ካቃታችሁ ግን ከሁለት ጎረቤት ጋር ገዝቶ መካፈል ይቻላል። ጤፍ ቅንጣቷ ደቃቅ ስለሆነች ነቀዝ እንደ በቆሎና እንደ ባቄላ አያጠቃትም። እርጥበት ግን ሁሉንም ያበላሻል፤ ስለዚህ ጆንያው ከወለሉም ከግድግዳውም ቢያንስ አንድ ስንዝር ይራቅ። በተለይ ከሰኔ እስከ መስከረም መሬት ላይ ያለ ቤት ግድግዳው ያልባል፤ አስጠግታችሁ ያኖራችሁት ልብስም እህልም ሻጋታ ይዞ ይጠብቃችኋል።

አሁን ወደ አልጋው እንመለስ፤ ትልቁን ቦታ ያገኘሁት እዚያ ነውና። አልጋችን ከወለሉ ከፍታው 15 ሳንቲ ሜትር ነበር። ብረት ብየዳ ቤት ወስደን እግሩን 40 አስደረግነው። ልዩነቱን ስታሰሉት ያስገርማችኋል፤ 1.20 በ1.90 የሆነ አልጋ ከሥሩ 40 ሳንቲ ሜትር ሲኖረው ወደ 0.9 ሜትር ኩብ ቦታ ይሰጣል። ከብዙ ቁም ሳጥን መሳቢያዎች ይበልጣል ማለት ነው። ብየዳ ቤት መሄድ የማትችሉ ለአራቱም እግር ጠንካራ የእንጨት ጉርድ ማስቆረጥ ትችላላችሁ፤ ጉርዱ ግን የአልጋውን እግር የሚይዝ ጎድጓዳ ይኑረው፣ አለበለዚያ ሌሊት ይንሸራተታል። ብሎኬት ደራርቦ ማስቀመጡን አልወደውም። አንድ ነገር ደግሞ አትርሱ፦ አልጋው ላይ የሚተኙት አረጋዊ ከሆኑ ቁጭ ሲሉ እግራቸው ወለል መንካት አለበት። ቦታ አገኘን ብለን እናቶቻችንን አንጣላቸው።

ከሥሩ የሚገባው ዕቃ በካርቶን ባይሆን ይመረጣል፤ ካርቶን ለበረሮ መደበቂያ ነው። ክዳን ያለው ፕላስቲክ ሣጥን ወይም ሻንጣ ይሻላል፤ ላዩ ላይ ውስጡ ያለውን ጽፋችሁ ለጥፉበት። ብርድ ልብስና የክረምት ልብስ ታጥቦ በደንብ ሳይደርቅ አይግባ። በየልብሱ መካከል ናፍታሊን የምታደርጉም ተጠንቀቁ፤ ነጭ ክብ ስለሆነ ልጆች ከረሜላ ይመስላቸዋል፤ መርዝ ነው።

ሁለቱን ባለ አንድ ሰው ሶፋዎች ሸጥናቸው። በገንዘቡ አናጢ ክዳኑ የሚነሣ፣ አንድ ሜትር ተኩል የሆነ ሣጥን መሳይ አግዳሚ ሠራልን። ሦስት እንግዳ ያስቀምጣል፤ ሆዱ ውስጥ ደግሞ ምንጣፍ፣ ትርፍ አንሶላና የቡና ዕቃ ይይዛል። የአያቴ መደብ በእንጨት ተመልሶ መጣ ብዬ ሳቅሁ።

ለግድግዳ መደርደሪያ ግን ግድግዳችሁን እወቁ። የጭቃ ቤት ከሆነ ሚስማር በጭቃው ላይ አይቆምም፤ በጣታችሁ እያንኳኳችሁ ድምፁ የሚለወጥበትን ቦታ ፈልጉ፣ ቋሚው እንጨት እዚያ ነው። ብሎኬት ከሆነ መሰርሰሪያና ፊሸር ያስፈልጋል፤ ብሎኬቱ ውስጡ ባዶ ስለሆነ ብዙ ክብደት አይችልም። ስለዚህ ከባድ ዕቃ የሚይዝ መደርደሪያ ወለል ላይ ይቁም፣ ከላይ ብቻ ከግድግዳው ጋር ይታሰር። ይህን ማሰር ብዙዎች ይዘሉታል፤ ልጅ መሳቢያውን እንደ ደረጃ ሲወጣበት ነው የሚታወሳቸው። ከባዱ ከታች፣ ቀላሉ ከላይ ይሁን። 20 ሊትር ውኃ የሞላ ጀሪካን 20 ኪሎ ነው፤ ቦታው ወለል ብቻ ነው። የተከራያችሁ ከሆነ ደግሞ ከመቅደዳችሁ በፊት ባለቤቱን አስፈቅዱ።

በአንድ ነገር ላይ ግን ጠንከር ብዬ ልናገር። ቦታ ለመቆጠብ ብለን በረኪናውን ወይም ነጭ ጋዙን ከትልቁ ዕቃ ወደ ባዶ የውኃ ፕላስቲክ ገልብጠን ከአልጋ ሥር ወይም ከመታጠቢያው ሥር እናስቀምጣለን። የጎረቤታችን ልጅ የሦስት ዓመት ተኩል ሕፃን ሳለ ውኃ መስሎት የጎነጨው እንዲህ ካለ ላስቲክ ነው። በጊዜ ሐኪም ቤት ስለደረሰ ዳነ፤ እናቱ ግን እስከ ዛሬ ያን ቀን ስታነሣ ድምፅዋ ይቆራረጣል። እንዲህ ያለ ነገር በመጣበት ዕቃ ይቆይ፤ ቦታውም የልጅ እጅ የማይደርስበት፣ የሚቆለፍ ይሁን። ምናልባት ልጅ ከጠጣ ለማስታወክ አትሞክሩ፤ ላስቲኩን ይዛችሁ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ሩጡ። ማድቤቱ በዕቃ ሞላ ብላችሁም የከሰል ምድጃውን ወደ መኝታ ክፍል አታስገቡ። ከከሰል የሚወጣው ገዳይ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ጭሱ ስላልታየ የለም ማለት አይደለም። መስኮት ገርበብ ማድረግም ዋስትና አይሆንም።

በኮንዶሚኒየም የምትኖሩ፣ በተለይ ስቱዲዮ የደረሳችሁ፣ ጭንቀታችሁ ይገባኛል። ግን የሞላው ዕቃ ወደ ደረጃውና ወደ ኮሪደሩ ሲወጣ አይቻለሁ፤ ጀሪካኑ፣ ብስክሌቱ፣ የአሮጌ ፍራሹ ጥቅል። እሳት ቢነሣ በጨለማ የምትወርዱት በዚያ ደረጃ ነው፤ ከአራተኛ ፎቅ ሽማግሌ ተሸክመው የሚወርዱትም እዚያው ነው። ለእንጀራ መጋገሪያና ለልብስ ማጠቢያ የተሠራው የጋራ ሕንፃ በግቢያችሁ ካለ ተጠቀሙበት፤ ምጣዱ ከቤት ሲወጣ የሚለቀቀውን ቦታ ታዩታላችሁ።

አማቴ ለሁለተኛ ጊዜ የመጡት ለዓይናቸው ቀጠሮ ነው። ማታ ጠረጴዛውን አንሥተን ፍራሹን ስንዘረጋ ሙሉ በሙሉ ተዘረጋ፤ በሩም ተከፈተ። እርሳቸው ምንም አላሉም፤ ቁጭ ብለው ፍራሹን በእጃቸው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ከአልጋው ሥር አዩና፣ «ይቺ ጎማዋ የወለቀች ሻንጣ አሁንም አለች?» አሉ።

«እማዬ፣ የክረምት ልብስ ነው ያለባት» አልኳቸው በኩራት።

ስበው አወጧትና ከፈቷት። ከሁለት ሹራብ ሥር ተጠቅልሎ፣ ያ ቴፕ ሬኮርደር ተኝቷል። ባለቤቴን ቀና ብዬ ባየው ውኃ ሊቀዳ ወጥቷል።