ብያኔ ማሳ ላይ ይፈተን

በጎጃም፣ ከአዴት እስከ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ፣ ምርት ሲያንስ ገበሬው «መሬቱ ደከመ» ይላል። እውነቱን ነው፤ ነገር ግን በዚህች አባባል ውስጥ ብዙ ችግር ተጠቅልሏል። አፈሩ በጎርፍ ተጠርጎ ይሆናል፤ ምግቡ አልቆበት ይሆናል፤ ወይም አሲዳማ ሆኖ ይሆናል። መድኃኒታቸው ለየቅል ነው። የተጠረገው እርከን ይፈልጋል፤ የተራበው ፍግ ይጨመርበታል ወይም ጦሙን ያድራል። አሲዳማው አፈር ግን ማዳበሪያ ቢበተንበትም ፎስፈረሱን ከአሉሚኒየምና ከብረት ጋር አጣብቆ ስለሚይዘው ሰብሉ አያገኘውም። ገበሬው ተበድሮ የገዛው ማዳበሪያ እዚያው አፈር ውስጥ ታስሮ ይቀራል። አንድ የሙያ ቃል በቅጡ አለመበየኑ ስንት ብር እንደሚያስከፍል ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አላውቅም።

አሲዳማነት የሚለካበትን ቃል ለምሳሌ እንውሰድ። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ «ፒኤች የሃይድሮጅን አዮን ክምችት ኔጋቲቭ ሎጋሪዝም ነው» ብሎ ይሸመድዳል። ስሕተት የለበትም። ሆኖም አባቱ «ባለሙያው የማሳችን ቁጥር 5 ነው አለኝ፤ ደግ ነው ክፉ?» ቢለው ልጁ የሚመልሰው አይኖረውም። እኔ ብሆን እንዲህ ብዬ እበይነዋለሁ፦ ፒኤች የአፈርን አሲዳማነት የምንለካበት ቁጥር ነው። 7 መካከለኛው ነው፤ ቁጥሩ ከዚያ ዝቅ ባለ መጠን አሲዱ ይበረታል። አንድ ቁጥር መውረድ ማለት አሲዱ ዐሥር እጥፍ መጨመሩ ነው፤ 5 የሆነ ማሳ 6 ከሆነው ዐሥር እጥፍ አሲዳማ ነው። ከ5.5 በታች ሲሆን በአፈሩ ውስጥ ያለው አሉሚኒየም ይሟሟና ሥር ይጎዳል፤ ገብስና ባቄላ ቶሎ ይቀጭጫሉ፣ ድንች ይሻላል። ይህ ብያኔ ከመጽሐፉ ብያኔ ይረዝማል፤ ነገር ግን የሰማው ሰው ምን እንደሚዘራ፣ ኖራ ያስፈልገው እንደሆነም ይወስንበታል።

አፈሩ አሲዳማ የሚሆንበት ምክንያትም አብሮ ሊነገር ይገባል። የጎጃም ክረምት ኃይለኛ ነው፤ ዝናቡ ካልሲየምና ማግኒዚየሙን ከቀዩ አፈር አጥቦ ያወርዳል። ገለባው በየዓመቱ ከማሳው ተጠራርጎ ይወሰዳል፤ ዩሪያም በበኩሉ አሲዱን ያባብሳል። እርሻው ላይ የሚበተነው ኖራ ያንን የታጠበ ካልሲየም ይመልሳል፣ አሲዱንም ያረግባል።

ቃልን በቅጡ በመበየን ረገድ የሕግ ሰዎቻችንን አደንቃለሁ። በነጋሪት ጋዜጣ የሚወጣ አዋጅ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ፍሬ ነገሩ ከመግባቱ በፊት «ትርጓሜ» ብሎ ቃላቱን ይበይናል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም በአንቀጽ 1845 ሌላ ድንጋጌ ከሌለ ውል እንዲፈጸም የሚቀርብ ጥያቄ በ10 ዓመት በይርጋ እንደሚታገድ ለይቶ አስቀምጧል። ያበደረ ሰው መብቱ መቼ እንደሚያልፍበት ያውቃል። ሕጉ ይህን ያህል የተጠነቀቀው ቃል ሲላላ ክርክር ስለሚወልድ ነው። የአፈር፣ የመድኃኒትና የብድር ቃል ሲላላስ የሚጎዳ ሰው የለም?

ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ ከአንድ ቃል ሰምና ወርቅ ማውጣት እዚህ ክብር ነው። የሙያ ቃል ግን ሁለት ፍቺ ከተሸከመ አደጋ ነው፤ የሚለካበትና የሚያበቃበት ድንበር ሊኖረው ይገባል። የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ ሊቃውንት ለሳይንስና ቴክኖሎጂ ቃላት የደከሙት ድካም ትልቅ ውለታ ነው። ሥራው ግን በመዝገበ ቃላት አያበቃም፤ ስም የተሰጠው ነገር እንዴት እንደሚሠራ ለባለጉዳዩ መድረስ አለበት።

ስለዚህ በአዴት የግብርና ምርምር ማዕከል ላላችሁ ተመራማሪዎች፣ በየቀበሌው ለምትሠሩ ባለሙያዎችና የሳይንስ መምህራን የምለው አለኝ። ብያኔያችሁን ከማሳተማችሁ በፊት ለአንድ ገበሬ አንብቡለት፤ በራሱ ቃል መልሶ ካልነገራችሁ እንደገና ጻፉት። ኖራ ከዘር አንድ ወር ገደማ ቀድሞ ከአፈሩ ጋር መቀላቀል አለበትና፣ ጽሑፉም ከኖራው ጋር በጊዜው ይድረስ።