ምንጣፉን አንሱት!

ክሪኩ ወጣ፤ መኪናው ግን አልተነሳም።

ነገሩ የሆነው በራሴ ግቢ፣ በራሴ ቮልስዋገን ኮምቢ ላይ ነው። የኋላ ጎማ ላወልቅ ብዬ ክሪኩን ፋብሪካው ባዘጋጀለት ቦታ፣ ከበሩ ሥር አስገባሁና ማዞር ጀመርኩ። አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር... ብረቱ እንደ ደረቀ እንጀራ ተፈረካከሰ። ክሪኩ የመኪናው ሆድ ውስጥ ገባ፤ መኪናው ከመሬት አንድ ጣት እንኳ ከፍ አላለም። ደላላው "እንደ አዲስ ተሠርቷል" ብሎ የማለለት፣ ላዩ የሚያብለጨልጭ፣ ከገዛሁት ሁለት ወር ያልሞላው መኪና ነው።

ምንጣፉን አነሳሁ። ከላስቲክ ምንጣፉ ሥር ውሃ የጠገበ ኬሻ አለ። ከኬሻው ሥር ሬንጅ። ከሬንጁ ሥር በሪቬት የተመታ የጣሪያ ቆርቆሮ። ከቆርቆሮው ሥር ተቀጥቅጦ የተዘረጋ የዘይት ጣሳ፤ ጽሑፉ ሳይቀር ይነበባል። ከጣሳው ሥርስ? የግቢዬ ሣር።

ዛሬ ስለ ፖለቲካ ባለመጻፌ ቅር የሚላችሁ ካላችሁ ትንሽ ታገሡኝ። ይህም የአገር ጉዳይ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያረጀ መኪና ከውጭ ማስገባትን እጅግ ውድ አደረገው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከለከለ። በሁለቱም ላይ ተከራክረናል፤ እንከራከራለንም። ግን አንዱን ውጤት ማንም አላነሳውም። እዚህ ያለው አሮጌ መኪና ገና ብዙ ዓመት ከእኛ ጋር ይኖራል። ተሳፋሪ ይጭናል፣ ተማሪ ያመላልሳል፣ ሙሽራ ያጅባል። ስለዚህ ከምንጣፉ ሥር ያለው ነገር የባለቤቱ ገመና ብቻ ሆኖ መቅረት የለበትም።

አቋሜን ልናገር። የዛገ ወለል አይለጠፍም። ጤነኛ ብረት እስኪገኝ ድረስ ተቆርጦ ይወጣል፣ በቦታው አዲስ ላሜራ ይበየዳል። ከዚህ ያነሰውን ሁሉ እኔ ማጭበርበር እለዋለሁ።

"ወለል እኮ ነው፤ እግር ማሳረፊያ ነው" የሚሉ አሉ። አይደለም። የድሮዋ ቮልስ ወለሏ ለብቻው ነው፤ ብሎኖቹ ተፈትተው አካሏ ከላይ ሊነሳ ይችላል። ኮምቢ እንደዚያ አይደለም። ሁለቱ ረጃጅም የሻንሲ ብረቶች፣ ተሻጋሪዎቹ፣ ወለሉ፣ ከበሩ ሥር ያለው ድርብርብ ሳጥን ብረት፣ ሁሉም እርስ በርስ ተበይደው አንድ አካል ናቸው። አንዱ ሲበላ ሸክሙ ወደ ሌላው ይሄዳል። የወንበሩ እግር የታሰረው ከዚሁ ጋር ነው። ግጭት ሲመጣ የዘይት ጣሳ ላይ የታሰረ ወንበር የት እንደሚደርስ ማሰብ አያስቸግርም።

ዝገቱ ከየት ይመጣል? ጥቂቱ ከእነዚህ መኪኖች ታሪክ ነው። ከሰሜን አውሮፓ ያገለገሉት በክረምት በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚበተነውን ጨው ጠጥተው መጥተዋል። አብዛኛው ግን የእኛው እጅ ሥራ ነው። የፊት መስታወቱ ዙሪያ ያለው ጎማ ይደርቃል፤ የሐምሌ ዝናብ በእሱ ሾልኮ ሾፌሩ እግር ሥር ይጠራቀማል። ላቫጆ እንወስደዋለን፣ ልጁ ውስጡን በጎማ ቧንቧ ያጥበዋል፣ እኛም "ጎበዝ" ብለን ጉርሻ እንሰጣለን። ውሃው ኬሻው ውስጥ ይቀመጣል። ከበሩ ሥር ያለው ሳጥን ብረት ውሃ የሚያወጣባቸው ቀዳዳዎች አሉት፤ እነሱን በጭቃና በሬንጅ ደፍነናቸዋል። የዛገ ብረት ላይ ሬንጅ መቀባት እርጥበቱን ውስጥ ቆልፎ ከላይ መክደን ነው። ብረቱ በጨለማ ይበላል፤ እኛ ላዩን አይተን ደስ ይለናል።

ሰፈራችን ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ ባትላሜራ የሠሩ አንድ ሽማግሌ አሉ። ያን ዕለት በንዴት ሄጄ "ጋሼ፣ ለምንድን ነው እናንተ ባለሙያዎች እንዲህ የምትሠሩት?" አልኳቸው። መዶሻቸውን አስቀመጡ። "ልጄ፣ ሰው ይመጣና 'ስንት ቀን ይፈጃል?' ይለኛል። ሦስት ሳምንት ስለው ይሄዳል። ጎረቤቴ በሦስት ቀን እጨርሳለሁ ሲለው እዚያ ያስገባዋል። ሲረከብ በሩን ከፍቶ እንኳ አያይም፤ ቀለሙ ላይ ፊቱን ነው የሚያየው። እኔስ ልጅ አላሳድግም?"

መልስ አልነበረኝም። ጥፋቱን ሁሉ በያጁ ላይ መጫን የለመድነው ምቾት ነው። ስቱኮውን ያዘዝነው እኛ ነን። ለሚታየው እንከፍላለን፤ ለማይታየው ስንጠየቅ "ወጋኝ" እንላለን። አሮጌ መኪና እንወዳለን የሚሉትም ቢሆኑ ለኒኬል ባምፐርና ለነጭ ጎማ የሚያወጡትን እሩቡን ለወለል ቢያወጡ ጥሩ ነበር። (ታክሲ እንዳይመስላችሁ እንጂ፣ የእኔውም ክሬምና ቀይ ሆኖ የሚያምር ነበር። የገዛሁት በዚያ ነው። ከጥፋተኞቹ አንዱ ነኝ።)

ዓመታዊ ምርመራ አለ ትሉኛላችሁ። መኪናውን የገዛሁት ቦሎ ተለጥፎበት ነው። የዘይት ጣሳው ከነሬንጁ ምርመራ አልፏል። በእንግሊዝ መርማሪው ከቀበቶ፣ ከፍሬን፣ ከመሪና ከሞላ ማሰሪያዎች በ30 ሳንቲ ሜትር ዙሪያ ያለውን ብረት ለዝገት ይፈትሻል፤ እዚያ ክልል ውስጥ በሪቬት ወይም በስቱኮ የተለጠፈ ጥገና አያልፍም። (40 ዓመት ያለፋቸውን አብዛኞቹን መኪኖች እ.ኤ.አ. በ2018 ከምርመራ ነፃ ማድረጋቸውን ግን እኔ አልደግፍም።) ይህን ለመኮረጅ ቢሊዮን ብር አያስፈልግም። ባትሪ፣ ትንሽ መዶሻና ምንጣፉን የሚያነሳ እጅ ይበቃል።

"ገንዘብ የለንም" የሚለውን ክርክር አከብረዋለሁ፤ እውነት ነው። ግን ያንን ወለል እዩት። ጣሳ፣ ቆርቆሮ፣ ሬንጅ፣ ማለት ቢያንስ ሦስት ጊዜ ተከፍሎበታል። ሦስቱም ዝገቱን ደበቁት እንጂ አላቆሙትም። ደግሞ ከሥራው ውስጥ ትልቁ ክፍል ትዕግሥት እንጂ ጥበብ የማይጠይቅ ነው፤ ባለቤቱ ግቢው ውስጥ ሊሠራው ይችላል። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ የምሠራው እንዲህ ነው።

ወንበሩ፣ ምንጣፉ፣ ኬሻው ሁሉ ይወጣል። ባትሪው ይፈታል። የነዳጅ ታንኩ ይወርዳል፤ ይህን "ኋላ ስለሆነ ምንም አይል" ብላችሁ እንዳትዘሉት። ከዚያ ወለሉን በካቻቢቴ እየወጉ በመዶሻ እየመቱ መሄድ ነው። ጤነኛ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ አለው፤ የበሰበሰው ካርቶን የመታችሁ ያህል ነው የሚሰማው። የበሰበሰውን በጠመኔ አክብቡ፤ ከዚያ ሦስት ጣት ጨምራችሁ እንደገና አክብቡ። የሚቆረጠው የሁለተኛው ክብ ነው። የመጀመሪያውን የሚቆርጥ ሰው በወረቀት ላይ ወረቀት እየበየደ ይውላል፤ እኔም አንድ ሙሉ ቅዳሜ እንደዚያ አቃጥያለሁ።

ከበሩ ሥር ያለውን ሳጥን ብረት ከመቁረጣችሁ በፊት መኪናውን ደግፋችሁ የበሩን ክፍተት በአንግል ብረት ወጥሩት፤ አንዱን ጎን ጨርሳችሁ ነው ወደ ሌላው የምትሄዱት። ይህን ያልሰማ ሰው ወለል አድሶ ሲጨርስ በሩ አይዘጋለትም። የአዲሱ ብረት ልክ የሚወጣው በካርቶን ነው፤ ካርቶን ቢበላሽ አያስቆጭም። ላሜራው ውፍረቱ ከነባሩ ጋር ይመሳሰል፤ ለወለሉ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ ሸክም ተሸካሚዎቹ ከዚያ ይወፍራሉ። የጣሪያ ቆርቆሮ የዚህን ግማሽ እንኳ አይሞላም። ከዚህም ሌላ ዚንክ የተቀባ ነው፤ ሲበየድ የሚወጣው ጭስ ማታ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ያስይዛል።

ብየዳው ላይ ግን አልዋሽም። ስስ ላሜራን በተለመደው ኤሌክትሮድ መበየድ ቀዳዳ ማብዛት ነው። ሚግ የሚባለው የሽቦ ብየዳ ይሻላል፤ በጥቂቱ እየነኩ፣ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው እየዘለሉ፣ ብረቱ እስኪበርድ እየጠበቁ። በአንድ መስመር የሚሮጥ በያጅ ወለሉን እንደ ማዕበል ያጣምመዋል። ለወለሉ እኔ ተለማምጄ ደፍሬያለሁ። የሻንሲ ብረቶቹንና የቀበቶ ማሰሪያዎቹን ግን ለሽማግሌው ሰጠሁ፤ ሦስት ሳምንት አሉኝ፣ ሦስት ሳምንት ከፈልኩ። ሲበየድ በሌላው ወገን ውሃና የእሳት ማጥፊያ ይዞ የሚቆም ሰው ይኑር። ከሬንጁ የተረፈች ቁራጭ ትበቃለች። የእኔዋ ስትነድ ያየችው እህቴ ናት፤ እኔማ ጭምብል ለብሼ ምን አያለሁ?

በመጨረሻ አንቲረስት፣ መጋጠሚያዎቹ ላይ ማሸጊያ፣ ሳጥን ብረቱ ውስጥ በቀጭን ቱቦ የሚረጭ ሰም። ውሃ መውጫዎቹ ክፍት ይሁኑ።

አንድ ነገር ልማድ እንዲሆን እጠይቃለሁ። "ታድሷል" ተብሎ የሚሸጥ መኪና ወለሉ ተከፍቶ በነበረበት ጊዜ የተነሳ ፎቶ ይኑረው፤ ፎቶ ከሌለው ዋጋው የቀለም ዋጋ ይሁን። የእኔ ኮምቢ ግራ ጎኑ አልቋል፤ ቀኙ በሚቀጥለው ቅዳሜ ይጀመራል። ጣሳውም፣ ቀዳዳውም፣ አዲሱ ላሜራም ፎቶ ተነስተዋል፤ የመጀመሪያው ፎቶ ላይ የሻንሲ ቁጥሩ ይነበባል። የሸጥኩት ቀን ከሊብሬው ጋር አብሮ ይሰጣል።

ደላላው ባለፈው ሳምንት ደውሎ ነበር። "ወለሉን ማን ያየዋል? ቀለሙን አደስ አድርገውና ገዢ ላምጣልህ" አለኝ። ስልኩን አልዘጋሁበትም፤ "ናና ምንጣፉን አብረን እናንሳ" አልኩት። እስካሁን አልመጣም።