ጦርነቱ ያፈራው ጠላት

የ1994 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ ዕለት፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ፣ ቤታችን እንግዳ ሞልቶት ነበር። ወለሉ ላይ ቄጤማ ተጎዝጉዟል፤ ልጆች አበባየሆሽ ብለው ያገኙትን ሳንቲም በረንዳው ላይ ይቆጥራሉ። ሁለተኛው ቡና ሲቀዳ ዲሽ ያላቸው ጎረቤታችን «አሜሪካ እየነደደች ነው!» እያሉ ገቡ። እናቴ ኒውዮርክ ውስጥ የምታውቀው ሰው አልነበራትም። ሰዎች ከፎቅ ሲወድቁ ስታይ ግን ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ያን ቀን ወደ ሦስት ሺህ የሚጠጋ ሰው አለቀ። የዚያን ሐዘን ክብደት ለመቀነስ አልጽፍም።

የምከራከረው ከዚያ በኋላ ስለመጣው ጦርነት ነው። የሽብር ምክንያቱ ምንድን ነው ሲባል አንዱ ወገን ሃይማኖትን፣ ሌላው የአሜሪካን የመካከለኛው ምሥራቅ ፖሊሲ ይከስሳል። ሁለቱም ምክንያቱን የሚፈልጉት ከጦርነቱ በፊት ነው። እኔ ግን ጎረቤታችን ሶማሊያ የሆነውን ካየሁ በኋላ፣ የጦርነቱ አካሄድ ራሱ ምክንያት ሆኗል ወደማለት ደርሻለሁ። ሁሉንም በአንድ ስም ጠርቶ «ከማን ጋር መነጋገር ይቻላል?» የሚለውን ጥያቄ የዘጋ ዘመቻ፣ ሊያጠፋው የወጣውን ጠላት አሳደገው።

ከስሙ ልጀምር። በእኔ ዕድሜ ላሉ ሰዎች «ሽብር» ሲባል ቀድሞ ጆሯችን ላይ የሚደውለው ቀይ ሽብር ነው። ደርግ ስሙን ራሱ አውጥቶ፣ በአደባባይ አውጆ ነው የገደለው። ሽብር የመንግሥት ሥራ ሊሆን እንደሚችል ማንም ማስረዳት አላስፈለገውም፤ አስከሬኑን መንገድ ዳር አይተነዋል። ከ2001 በኋላ (ከዚህ ወዲያ ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ቃሉ ባለቤት ቀየረ። መንግሥት ሁልጊዜ ከሳሽ፣ በፍጹም ተከሳሽ የማይሆንበት ቃል ሆነ።

ጥቃቱ በደረሰ በሦስተኛው ቀን የአሜሪካ ምክር ቤቶች ለፕሬዚዳንቱ የጦር ኃይል የመጠቀም ሥልጣን ሰጡ። በተወካዮች ምክር ቤት 420 ሰው ሲደግፍ የተቃወሙት የካሊፎርኒያዋ ባርባራ ሊ ብቻ ነበሩ። ሰነዱ የሀገር ስም አልጠራም፤ የሚያበቃበትን ቀንም አልቆረጠም። መስከረም 1 ቀን ጥቃት ያደረሱትን ለመቅጣት የተጻፈው ፈቃድ፣ ያን ጊዜ ጨርሶ ያልነበረውን አልሸባብን ለመምታት ጭምር ዋለ።

ሶማሊያ የዚህን ጦርነት ክንድ የቀመሰችው በገንዘብ በኩል ነው። በኖቬምበር 2001 አሜሪካ የሀገሪቱን ትልቁን የሐዋላ ድርጅት፣ አል ባረካትን፣ አልቃይዳን ይረዳል ብላ ሒሳቡን አገደች። ባንክ በሌለበት ሀገር ሐዋላ ማለት ሚኒያፖሊስ ታክሲ የሚነዳ ልጅ ለእናቱ የሚልከው መቶ ዶላር ነው፤ ዱቄት ነው፤ የትምህርት ቤት ክፍያ ነው። በኋላ ጥቃቱን የመረመረው ኮሚሽን ባለሙያዎች ድርጅቱን ከሽብር ጋር የሚያገናኝ ቀጥተኛ ማስረጃ እንዳልተገኘ ጻፉ። መንገዱ ግን ተዘግቶ ነበር።

በ2006 ሠራዊታችን ወደ ሶማሊያ ሲዘምት የኢትዮጵያ ስጋት ፈጠራ አልነበረም። በ1996 የሶማሊያው ታጣቂ ቡድን አል ኢቲሃድ አዲስ አበባና ድሬዳዋ ውስጥ ሆቴሎች ላይ ቦምብ አፈንድቷል፤ በዚያው ዓመት ሚኒስትሩ ዶ/ር አብዱልመጂድ ሁሴን በጥይት ቆስለዋል። የአል ኢቲሃድ መሪ የነበሩት ሼህ ሐሰን ዳሂር አዌይስ በ2006 የእስላማዊ ፍርድ ቤቶች ኅብረት ሹራ ሊቀ መንበር ሆነው፣ ኅብረቱ በኢትዮጵያ ላይ ጂሃድ ሲያውጅ ዝም ብለን እንድንቀመጥ የሚጠብቅ አልነበረም።

ነገር ግን ኅብረቱ አዌይስ ብቻ አልነበረም። ፍርድ ቤቶቹ በየጎሣው የተቋቋሙ፣ ነጋዴው ንብረቱን ከዘራፊ ለማዳን ገንዘብ ያዋጣላቸው የሰፈር ዳኞች ነበሩ። ሲአይኤ ደግሞ በእነሱ አንጻር የጦር አበጋዞችን፣ ማለትም ሕዝቡን ለ15 ዓመት ያስለቀሱትን፣ በገንዘብ ደገፈ። ሞቃዲሾ ለማን እንደምታደላ ግልጽ ነበር። በጁን 2006 አበጋዞቹ ተሸነፉ። በየመንገዱ ገንዘብ የሚያስከፍሉት ኬላዎች ተነሡ፤ ከአሥር ዓመት በላይ የተዘጋው አየር ማረፊያ ተከፈተ። ሲኒማ ቤት የዘጉ፣ ኳስ ማየት የከለከሉ አክራሪዎችም በመካከላቸው ነበሩ። የኅብረቱ ሊቀ መንበር ሼክ ሸሪፍ ሼክ አሕመድ ግን የትምህርት ቤት መምህር የነበሩ፣ ለስላሳ ሰው ነበሩ። ስንዴውን ከእንክርዳዱ የሚለይ ያስፈልግ የነበረው እዚህ ላይ ነው።

ዲሴምበር 28 ቀን ሠራዊታችን ሞቃዲሾ ገባ። ኅብረቱ በቀናት ተበተነ፤ ሸሪፍም ተሰደዱ፤ ለድርድር የሚሆኑት ሄዱ። የቀሩት «ወጣቶቹ» ነበሩ፤ አልሸባብ ማለትም ይኸው ነው። በሃይማኖት ብቻ ሲሰብኩ ጥቂት ሰው የሚከተላቸው ታጣቂዎች አሁን «የውጭ ጦር እንዋጋለን» ማለት ቻሉ። በ2007 የሞቃዲሾ ሰፈሮች በመድፍ ተደበደቡ፤ በተባበሩት መንግሥታት ግምት 600 ሺህ ያህል ሰው ከተማዋን ለቀቀ። የእኛም ልጆች እዚያ ሞተዋል፤ አስከሬናቸው ሲጎተት ዓለም አይቷል።

«አልሸባብ ቀድሞም ነበር፤ በ2005ም ሞቃዲሾ ውስጥ ሰው ይገድል ነበር» የሚሉ አሉ። እውነት ነው። ነገር ግን በአንድ ከተማ የሚያደባ ቡድን መሆንና የደቡብ ሶማሊያን አብዛኛውን ክፍል መግዛት በጣም ይለያያሉ። ከአንዱ ወደ ሌላው የተሻገረው በእነዚያ ሁለት ዓመታት ነው። በጁላይ 2010 እሳቱ ድንበር አልፎ ካምፓላ ደረሰ፤ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ሲታይ ቦምብ ከፈነዳባቸው ሁለት ቦታዎች አንዱ የኢትዮጵያ ምግብ ቤት ነበር።

ያው «ሽብር» የሚለው ቃል ቤታችንም ገባ። በ2009 የጸደቀው የጸረ ሽብርተኝነት አዋጅ (ቁጥር 652) ጋዜጠኞችንና ጦማሪያንን ወህኒ አወረደ። በ2011 ሽብርተኛ ተብለው የተፈረጁት ግንቦት 7፣ ኦነግና ኦብነግ በ2018 ከዝርዝሩ ተሰርዘው መሪዎቻቸው አዲስ አበባ ላይ በአቀባበል ገቡ። ፍረጃው ንግግሩን ለሰባት ዓመት አዘገየው እንጂ አላስቀረውም።

ሞቃዲሾም እንዲሁ ሆነ። በጃንዋሪ 2009 ሠራዊታችን ወጣ፤ በዚያው ወር መጨረሻ ጅቡቲ ላይ የሶማሊያ ፕሬዚዳንት ሆነው የተመረጡት ሼክ ሸሪፍ ነበሩ። በ2006 ልናነጋግራቸው ያልፈለግናቸው ሰው፣ ከዚያ ሁሉ ሬሳ በኋላ፣ አሜሪካም እኛም የምንደግፈው መንግሥት መሪ ሆኑ።

በ1998 የናይሮቢንና የዳሬሰላምን የአሜሪካ ኤምባሲዎች አፈንድቶ 224 ሰው በመግደል የሚከሰሰው ፋዙል አብዱላህ ሞሐመድ ለዓመታት በአውሮፕላን ጭምር ሲታደን ነበር። በጁን 2011 አንድ ሌሊት መንገድ የሳተ መኪና ሞቃዲሾ ውስጥ አንድ ኬላ ላይ ደረሰ። ወታደሮቹ አስቆሙት፤ ተኩስ ተከፈተ፤ ውስጥ የነበሩት ሁለት ሰዎች ሞቱ። አንደኛው ፋዙል መሆኑ የታወቀው ቆይቶ ነው። ኬላውን ይጠብቁ የነበሩት የሼክ ሸሪፍ መንግሥት ወታደሮች ነበሩ።