«ሞተሩን የሚያፈላው የሚስቴ ወንድም ነው ወይስ ዳገቱ?»

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች መካከል ከወደ ሐይቅ የመጣው አንዱ ሲያዩት የመኪና ጥያቄ ነው፤ ዘልቀው ሲያነቡት ግን የትዳርም ጥያቄ ሆኖ ይገኛል። ለብዙ ባለንብረቶችና ሾፌሮች ስለሚጠቅም የጠያቂያችንን ስምና አድራሻ ትቼ ፍሬ ነገሩን አቀርብላችኋለሁ።

ጠያቂያችን በእቁብ ብርና ሚስቱ ሸጣ በሰጠችው ወርቅ አንድ አሮጌ ባለ ናፍጣ ሃይሩፍ ገዝቷል። የኋላ ወንበሮቹን አስነቅሎ ዕቃ ይጭንበታል። ከመርሳ በኩል ሽንኩርትና ቲማቲም፣ ከአምባሰል ጤፍና ማሽላ እያነሳ በውጫሌና በሐይቅ አድርጎ ደሴ ያራግፋል። የሚነዳለት የሚስቱ ወንድም ነው። ባለፉት ስድስት ወራት ሞተሩ ሁለት ጊዜ ፈልቶ ሁለት ጊዜ ቴስታ ወርዷል። መካኒኩ «ሾፌርህ ሞተር አያውቅም» ይለዋል፤ ሾፌሩ «መኪናው ስትገዛውም የሞተ ነበር» ይላል፤ ሚስትየው ደግሞ «ወንድሜን ካባረርክ የወርቄን ዋጋ ቁጠርልኝ» ብላለች። ጠያቂያችን «18 ኩንታል ጭኖ ዳገቱን ሲወጣ የኖረ መኪና ዛሬ ምን ነካው? ሾፌሩን ላባርር ወይስ መኪናውን ልሽጥ?» ሲል ይጠይቃል።

ወንድሜ፣ ለጊዜው ሁለቱንም አታድርግ። መኪናውን ብትሸጠው «የሚፈላ» የሚል ስም ስለወጣለት በርካሽ ይወስዱብሃል። በምትኩ ሌላ ልግዛ ብትል ደግሞ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ስለጣለ ዋጋው እንደ ድሮው አይደለም። ሾፌሩን ብታባርርም አዲሱ ሾፌር የሚወጣው በዚያው ሞተር ያንኑ ዳገት ነው። ስለዚህ ከፍርዱ በፊት ሞተሩ ለምን እንደሚፈላ እንወቅ።

ከናፍጣው ከሚገኘው ኃይል ጎማውን የሚያዞረው ሲሶው ገደማ ብቻ ነው። የቀረው ሙቀት ይሆንና ከፊሉ ከጭሱ ጋር በማርሚታ፣ ከፊሉ ደግሞ በራዲያተሩ ውሃ አማካይነት ወደ ውጭ ይወጣል። መኪናው ሜዳ ላይ ሲሮጥ ነፋሱ ራዲያተሩን ያበርደዋል። ዳገት ላይ ግን ብዙ ናፍጣ ይቃጠላል፣ መኪናው በዝግታ ይሄዳል፣ ነፋሱም ይቀንሳል። የሚመጣው ሙቀት በጨመረበት ሰዓት ማብረጃው ያንሳል ማለት ነው።

የናንተ መንገድ ደግሞ ተጨማሪ ጣጣ አለበት። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ደጋ ላይ ባቄላ ቶሎ አልበስል የሚለው በዚሁ ምክንያት ነው። የሞተር ውሃ ደግሞ ጤነኛ በሆነ መኪና እንኳ 90 ዲግሪ አካባቢ መድረሱ ያለ ነው። ታዲያ መኪናው ሁሉ ደሴ ሲገባ ለምን አይፈላም ብትለኝ መልሱ የራዲያተሩ ክዳን ነው። ክዳኑ ውስጥ ስፕሪንግና ጎማ አለ፤ እንፋሎቱን አፍኖ ይይዝና የውሃውን መፍያ ወደ 20 ዲግሪ ያህል ከፍ ያደርገዋል። ጎማው የደረቀ ወይም ስፕሪንጉ የላላ ክዳን ግን የድስት ክዳን ነው፤ እንፋሎቱን ይለቀዋል።

እንግዲህ ፍተሻውን ከርካሹ እንጀምር። በመጀመሪያ ያንን ክዳን ቀይር። ብዙዎቹ ላይ 0.9 የሚል ቁጥር ተጽፎባቸዋል፤ በነበረው ልክ ተመሳሳዩን ግዛ። «ገጠመ» ተብሎ ከሌላ መኪና የተወሰደ ክዳን አይሆንም። ደግሞም ክዳኑ የሚከፈተው ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ብቻ ነው። በጋለ ሞተር ላይ ጨርቅ ጠቅልሎ የሚከፍት ረዳት ፊቱንና ዓይኑን ሊያጣ ይችላል።

ሁለተኛው ውሃው ነው። ደብዳቤህ ላይ «ውሃ ባነሰ ቁጥር ከሐይቁ እየቀዳን እንሞላለን» ብለሃል። ሐይቃችሁ መውጫ ወንዝ የለውም። ጅረት ይዞት የመጣው ማዕድን ውሃው በፀሐይ ሲተን እዚያው ይቀራል። ያንን ራዲያተር ውስጥ ስትጨምረው ጀበና ውስጥ እንደሚጋገረው ነጭ ነገር በቀጫጭኖቹ ቱቦዎች ላይ ይለጠፋል፤ ሙቀቱም ከብረቱ አይወጣም። የጉድጓድና የምንጭ ውሃም ብዙውን ጊዜ ከዚህ ነፃ አይደለም። በክረምት ንጹሕ የዝናብ ውሃ አጠራቅም፤ ካልሆነ የተጣራውን የባትሪ ውሃ ግዛ። ባትሪ ውስጥ የሚጨመረው አሲድ እንዳይሰጡህ ግን ተጠንቀቅ። ከቻልክ ኩላንት ቀላቅልበት፤ ዝገት ይከላከላል፣ መፍያውንም ትንሽ ከፍ ያደርጋል። ውሃው በየጊዜው የሚያንስ ከሆነም መሙላቱ ብቻ መፍትሔ አይሆንም፤ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ቱቦዎቹን፣ የውሃ ፓምፑን ሥርና የራዲያተሩን ጥግ እያየህ የሚያፈስበትን ፈልግ።

ሦስተኛ፣ ራዲያተሩን ከፊት ለፊት በባትሪ መብራት እየው። የእህል ገለባ፣ ጭቃና ነፍሳት ሞልተውበት ከሆነ ነፋስ አያሳልፍም። ቀስ ባለ ውሃ ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት እየገፋህ እጠበው፤ በኃይለኛ ውሃ ከመታኸው ቀጫጭን ክንፎቹ ይታጠፋሉ። ውስጡ የተደፈነ እንደሆነ ደግሞ ራዲያተር ሠሪ ጋ ወስደህ አስከፍተህ አሳጥበው። ቬንትሌተሩን ዙሪያውን የሚሸፍነው ፕላስቲክ ተሰብሮ ተጥሎ ከሆነም መልሰህ አስገጥመው። እሱ ከሌለ ቬንትሌተሩ የሚስበው የዚያኑ የሞተሩን ትኩስ አየር ነው።

አራተኛ፣ ቬንትሌተሩና ቺንጋው። ቺንጋው በጣት ሲጫኑት ከመጠን በላይ የሚሰምጥ ወይም የተሰነጣጠቀ ከሆነ የውሃ ፓምፑም ቬንትሌተሩም በሚገባ አይዞሩም። ብዙዎቹ ሃይሩፎች ደግሞ በቬንትሌተሩ መሃል ሲሞቅ የሚጠብቅ ፋን ክላች አላቸው። ሞተሩ በደንብ ሞቆ ከጠፋ በኋላ ቬንትሌተሩን በእጅህ ስትገፋው እምቢ ማለት አለበት። እንደ መጫወቻ የሚሽከረከር ከሆነ አልቋል። ቴርሞስታቱንም አስታውስ። ብዙ ጋራዦች አውልቀው ይጥሉታል፤ ሞተሩ ግን ያለ እሱ ትክክለኛ ሙቀቱን አይዝም፤ አንዳንዱም ላይ ውሃው ሁሉ በራዲያተሩ ማለፉን ትቶ በአቋራጭ ይዞራል። በአዲስ ይቀየር እንጂ አይጣል።

አምስተኛው ብዙ ሰው የማይጠረጥረው የናፍጣ ፓምፑ ነው። ደሴ ላይ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው አየር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ያለ ተርቦ የሚሠራ አሮጌ ሞተር እዚያ ጉልበት ቢያንሰው አይገርምም። ታዲያ አንዳንድ መካኒክ «ጉልበት ልጨምርልህ» ብሎ የፓምፑን ቡሎን ያጠብቅና ናፍጣውን ያበዛዋል። አየሩ ስለማይበቃው የተጨመረው ናፍጣ ጥቁር ጭስና ሙቀት ይሆናል። መኪናህ ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ የሚተፋ ከሆነ ፓምፑንና ኖዝሎቹን በመሣሪያ የሚያስተካክል ባለሙያ ጋ ውሰደው።

ሁለት ጊዜ ስለወረደው ቴስታም አንድ ነገር ልበል። የተቃጠለው ጓርኒሲዮን የመፍላቱ ውጤት ነው። መነሻው ሳይገኝ ጓርኒሲዮን መቀየር ትኩሳት ያለበትን ሰው ልብስ እንደ መቀየር ነው። ቴስታ ከወረደ ቶርኖ ቤት ሄዶ መጣመሙና መሰንጠቁ መመርመር አለበት፤ ሲገጠምም ቡሎኖቹ በተራቸውና በልካቸው በቶርክ መፍቻ ይጠብቃሉ። ይህ ካልተደረገ ምንም ዓይነት ጥሩ ሾፌር ቢይዘው ተመልሶ ይበላል። ሞተሩ እየሠራ ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ያለማቋረጥ ከወጣ፣ ዘይቱ ወተት የገባበት ቡና ከመሰለ፣ ወይም ከሞቀ በኋላም ነጭ ጭስ ካላቆመ ሦስተኛው ጉዞ ሳይጀመር አቁመው።

አሁን ወደ ሾፌሩ እንምጣ። ከመርሳ ወደ ደሴ በከፍተኛ ማርሽ እያንገበገበ የሚወጣ ከሆነ ጥፋት አለበት። ማርሽ ቀንሶ ሞተሩን ትንሽ ከፍ ባለ ዙር ቢይዘው የውሃ ፓምፑም ቬንትሌተሩም ይፈጥናሉ። መርፌው ከመሃል ማለፍ ሲጀምር የመኪናውን ውስጥ ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ይክፈት፤ ላብ በላብ ያደርገዋል እንጂ ለሞተሩ ሁለተኛ ትንሽ ራዲያተር ይሆንለታል። አሁንም ከጨመረ ጥግ ይዞ ይቁም፤ ውሃው ካልፈሰሰ ለጥቂት ደቂቃ በሚኒሞ ያሠራውና ያጥፋው። እንፋሎት ከወጣ ወይም መርፌው ላይ ደርሶ በድንገት ቢወርድ ግን ወዲያው ያጥፋ። መርፌው የወረደው ውሃው አልቆ ሙቀት መለኪያው ደረቅ ስለሆነ ሊሆን ይችላል። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መጨመር ደግሞ ቴስታውን ያሰነጥቀዋል፤ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይጠብቅ። በመልሱ ቁልቁለትም ናፍጣ ለመቆጠብ ብሎ በፎሌ መልቀቅ የለበትም፤ ፍሬኑ ግሎ ከቴስታው የከፋ ነገር ይመጣል።

ነገር ግን ወንድሜ፣ ከደብዳቤህ ውስጥ አንድ ቁጥር ዓይኔን ይዞታል። 18 ኩንታል! እንዲህ ያለው ቫን አብዛኛውን ጊዜ የሚሸከመው ከ10 እስከ 12 ኩንታል ነው። ሊብሬህን አውጥተህ ተመልከት። 10 ከሆነ ትርፉ 8 ኩንታል አሥራ ሁለት ሰው ያህላል። አሥራ ሁለት ሰው ፖርቶመጋላው ላይ አስቀምጠህ ከመርሳ ደሴ እያስወጣኸው ነው ማለት ነው። «ሲወጣ የኖረ መኪና» ያልከውም እስኪያልቅ ነው የወጣው። ከነጋዴዎቹ ጋር ዋጋና ኩንታል የምትደራደረው ደግሞ አንተ እንደሆንክ ራስህ ጽፈሃል። «ሽንኩርቱ ሳይበላሽ ከጠዋቱ ገበያ ይድረስ» የምትለውም አንተ ነህ። እንዲህ የታዘዘ ልጅ መርፌው ሲወጣ እያየ ለማቆም ድፍረቱን ከየት ያመጣል? ቢያቆም የሚጠብቀው ቁጣ ነው፤ ባያቆም የሚጠብቀው ስንብት ነው። በዚያ ላይ የእህቱ ትዳር አለበት።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። ባለቤትህ ባለችበት ልጁን አስቀምጠህ ሦስት ነገር ተስማሙ። ጭነቱ ከሊብሬው አይበልጥም፤ ሁልጊዜ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ ውሃ፣ ዘይትና ቺንጋ አይቶ በደብተር ይጽፋል፤ መርፌው ከመሃል ካለፈ ይቆማል፣ ለዘገየው ሽንኩርት የምትጠየቀው አንተ ነህ። ደብተሩ ውሃ ከቀን ወደ ቀን የሚያንስ መሆኑን ይነግርሃል፤ በመካኒኩና በሾፌሩ መካከልም ዳኛ ይሆንሃል። ይህ ሁሉ ተሟልቶ ልጁ አሁንም አልታዘዝ ብሎ ካፈላው ያን ጊዜ ብታሰናብተው ባለቤትህም ምክንያቱን በዓይኗ አይታዋለች።

የጭነቱ ገቢ በጉዞ ይቀንሳል ትለኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ ይቀንሳል። የሁለቱን ቴስታ ወጪ፣ መኪናው የቆመበትን ቀንና የተበላሸውን አትክልት ደምረህ ከዚያ ከትርፉ 8 ኩንታል ገቢ ጋር አስተያየው። ሂሳቡን ከባለቤትህ ጋር ሆናችሁ ሥሩት፤ ከገንዘቡ የእሷም ወርቅ አለበትና። «ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል» እንደሚባለው የመኪናውም የቤቱም ጉዳይ ከአያያዝ ነው።

ለሾፌሮቻችን ሁሉ መልካም መንገድ እየተመኘሁ ለዛሬው በዚሁ ላብቃ።