የበርበሬው ሻጋታና ጉበታችን

በመገናኛ አካባቢ የሚገኘውን የሾላን ገበያ የማያውቅ የአዲስ አበባ ነዋሪ ጥቂት ነው። ቅቤውም፣ አይቡም፣ እህሉም፣ ቅመማ ቅመሙም በዚያ ይሸመታል። የበርበሬው ተራ ግን ከሁሉ አስቀድሞ ራሱን ያስታውቃል፤ ገበያተኛውን ገና ሳያየው ያስነጥሰዋልና። የቤት እመቤቶች ዛላውን ከጆንያው እየመዘዙ ቀለሙን ያያሉ፣ ያሸታሉ፣ በጣታቸውም ይሰብሩታል። ሲንኮሻኮሽ ደረቅ ነው ብለው ይገዛሉ፤ ሲለመጥ ትተውት ያልፋሉ። ይህ ከእናት ወደ ልጅ ሲወርድ የመጣ ምርመራ ነውና አንንቀውም። ዛሬ ልንናገር የተነሣነው ግን ይህ ምርመራ ስለማይደርስበት አንድ ጠንቅ ነው።

ጠንቁ አፍላቶክሲን ይባላል። አስፐርጂለስ ፍላቨስ የተባለው ሻጋታ እርጥበት ባገኘ እህል፣ ለውዝና በርበሬ ላይ ሲበቅል የሚያወጣው መርዝ ነው። በዓይን አይታይም፣ በምላስም አይለይም። ሻጋታው ተራግፎ ቢወድቅ እንኳ መርዙ ይቀራል፤ የምጣድና የድስት ሙቀትም በቀላሉ አያጠፋውም። በርበሬው ተቀንጥሶ፣ ታምሶና ተፈጭቶ ወጥ ከሆነ በኋላም መርዙ አብሮ ከገበታ ይቀርባል።

ዓለም ይህን መርዝ ያወቀው በወፎች ሞት ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 በእንግሊዝ አገር ተርኪ የተባሉት ትልልቅ ዶሮዎች ከ100,000 በላይ ሆነው አለቁ። የእንስሳት ሐኪሞች የበሽታውን ስም ስላላወቁት «ኤክስ» ብለው ጠሩት። ምክንያቱ ሲመረመር ከብራዚል የመጣው የለውዝ ፋጉሎ ሻጋታ የበላው ሆኖ ተገኘ፤ የሞቱትም ዶሮዎች ጉበታቸው ተጎድቶ ነበር።

እጅግ የሚያስገርመው ግን ከዚያ በኋላ በላቦራቶሪ የተገኘው ነገር ነው። ጉበት የሰውነታችን ዘበኛ ነው፤ ከምግብና ከመድኃኒት ጋራ የገባውን እንግዳ ነገር ሁሉ እየለወጠ ያስወጣል። አሜሪካዊው ሊቅ ብሩስ ኤምስና ጓደኞቹ እ.ኤ.አ. በ1973 ባወጡት ሥራ ነቀርሳ ያመጣሉ የሚባሉትን ልዩ ልዩ መርዞች፣ አፍላቶክሲንንም ጨምረው፣ በባክቴሪያ ላይ ሞከሩ። በዚያ ሙከራ የተፈጨ የአይጥ ጉበት ተጨመረበት፤ መርዙ የባክቴሪያውን ዘር የሚያዛባው በጉበቱ ከተለወጠ በኋላ ነውና። እንግዲህ ዘበኛው ሌባውን ሊያስወጣ ሲል ራሱ ቢላዋ ያስጨብጠዋል ማለት ነው። በጉበት ሴል ውስጥ ያሉት ኤንዛይሞች አፍላቶክሲንን ሊያስወግዱት ሲለውጡት ከሴሉ ዲ ኤን ኤ ጋራ የሚጣበቅ ክፉ ነገር ይሆናል። ከተለወጠው መርዝ አብዛኛውን ግሉታታዮን የተባለው የሴሉ መከላከያ ይይዘዋል፤ ያመለጠው ጥቂቱ ግን የዘሩን ጽሕፈት ያበላሻል። እ.ኤ.አ. በ1991 ከቻይናና ከደቡባዊ አፍሪካ በመጡ በጉበት ነቀርሳ የታመሙ ሰዎች ላይ የተደረጉ ምርመራዎች አንድ ዓይነት ምልክት አሳዩ፤ የሴልን መብዛት የሚቆጣጠረው ፒ53 የተባለው ጂን በ249ኛው ስፍራ ተሰብሮ ተገኘ። መርዙ የጣት አሻራውን ትቶ ሄዷል ለማለት ይቻላል።

ይህን የመሰለው ጥናት ሁልጊዜ በሰው ላይ አይሠራም። ሔፕ ጂ ቱ የሚባሉት ሴሎች ከ15 ዓመት አርጀንቲናዊ ልጅ የጉበት እብጠት ተወስደው ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በየአገሩ ላቦራቶሪ ሲራቡ ይኖራሉ። ልዩ ልዩ ኬሚካሎች የሚፈተኑባቸው በእነርሱ ነው። (እኛ የሳይንስ ተማሪዎች ሳለን በማይክሮስኮፕ ያየነው የሽንኩርት ልጣጭ ነበር፤ የጉበት ሴል በሥዕል ብቻ ነው የምናውቀው።) ይሁን እንጂ በሳሕን ያደገ ሴል የጉበትን መርዝ የመለወጥ ችሎታ በብዙው ስለሚያጣ፣ ጠንቃቃ ተመራማሪ በሳሕን ያየውን ከበሽተኛውና ከማዕዱ ጋራ ሳያስተያይ አይፈርድም። በአፍላቶክሲን ነገር ግን ሦስቱም አንድ ቃል ተናግረዋል። የዓለም የጤና ድርጅት የነቀርሳ ምርምር ክፍልም እ.ኤ.አ. በ1987 በሰው ላይ ነቀርሳ ማምጣታቸው ከተረጋገጠው ነገሮች ተራ መድቦታል።

ወደ አገራችን እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1996 በታተመ ጥናት ከአዲስ አበባ ሱቆችና ገበያዎች 60 የተፈጨ በርበሬና 60 ሽሮ ተሰብስቦ ተመርምሮ ነበር። ከበርበሬው 8፣ ከሽሮው 5 አፍላቶክሲን ተገኘባቸው። ከመቶ ሲታሰብ ብዙ አይመስልም። ነገር ግን መርዙ በተገኘበት በርበሬ ውስጥ መጠኑ በኪሎ ከ250 እስከ 525 ማይክሮግራም ደርሶ ነበር፤ የአውሮፓ ኅብረት በቅመማ ቅመም ውስጥ ለአፍላቶክሲን ቢ 1 የሚፈቅደው 5 ብቻ ነው። ጥናቱ ዕድሜው የገፋ ቢሆንም ችግሩ አብሮ አልገፋም። በምሥራቅ ኢትዮጵያ በለውዝ ላይ በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣ ጥናት ከ120ው ናሙና በ93ቱ ተገኝቷል።

የወተቱ ነገር ደግሞ ይበልጥ ያስተምራል። የዘይት መጭመቂያ የኑጉን ዘይት ከጨመቀ በኋላ የሚቀረው ፋጉሎ ለአዲስ አበባ ላሞች ዋና መኖ ነው። ፋጉሎው ሲሻግት ላሚቱ መርዙን ትበላለች፤ ጉበቷም እንደ እኛው ጉበት ይለውጠውና ከፊሉን በወተቷ ትሰጠናለች። እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ በሆነው ጥናት በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ከተሰበሰበው 110 የወተት ናሙና ከአውሮፓ ልክ ያላለፈው 9 ብቻ ነበር፤ ከአሜሪካ ልክ ያለፈው ደግሞ 29። ወሬው በተሰማ ጊዜ ብዙ ሰው ከወተት እንደ ሸሸ ይታወሳል። ላም አርቢው ከሰረ፣ ሕፃኑ ወተቱን አጣ፣ ጥቂት ቆይቶም ሁሉም ረሳው። ድንጋጤና መርሳት ተፈራርቀው ያዙን እንጂ ፋጉሎውን በየጊዜው የመለካት ልማድ አልተከተላቸውም፤ እኛን የሚያሳስበንም ይኸው ነው።

ጉበት በእህል በኩል መመረዙን የሚጠራጠር ካለ የትግራዩን ይጠይቅ። እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በታሕታይ ቆራሮ ሆድን የሚነፋና የሚገድል የጉበት በሽታ ተነሥቶ ስም ሳይወጣለት ዓመታት አለፉ። በኋላ በተደረገው ምርመራ ፒሮሊዚዲን አልካሎይድ የተባለው የአረም መርዝ ከእህሉ ጋራ ተቀላቅሎ ተገኘ። እርሱም እንደ አፍላቶክሲን ክፋቱ የሚወጣው በጉበት ውስጥ ሲለወጥ ነው። ያን ያህል ጊዜ የወሰደው እህሉን ቀድሞ የሚመረምር ስላልነበረ ነው ብለን እናምናለን።

ሌላም የሚያከፋው ነገር አለ። ሕዝባችን «የወፍ በሽታ» ከሚለው ቢጫ ከሚያደርግ ሕመም ምክንያቶች አንዱ የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ነው። በሻንግሃይ ከተማ ከ18,000 በላይ ወንዶችን በተከታተለውና እ.ኤ.አ. በ1992 በተጻፈው ጥናት ቫይረሱም አፍላቶክሲኑም የተገኘበት ሰው በጉበት ነቀርሳ የመያዙ ዕድል ሁለቱም ከሌለበት ሰው 60 እጥፍ ያህል ሆኗል። በአገራችን ክትባቱ ለሕፃናት መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ከዚያ በፊት የተወለድነው፣ ማለት ዛሬ ከሾላ የምንሸምተው ጎልማሶች፣ በሕፃንነታችን አላገኘነውም።

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ደንብ ከኢትዮጵያ የሚገባው በርበሬና ቅመም ስለ አፍላቶክሲን ተለይቶ እንዲመረመር አዟል። ነጋዴዎቻችን ቅር ቢላቸው አይፈረድባቸውም። እኛን ግን የሚቆጨን ሌላ ነው፤ የብራስልሱ በላተኛ የሚጠየቅለትን ያህል የየካው በላተኛ ለምን አይጠየቅለትም?

«ድሀ የሚበላውን ሲያጣ ስለ ማይክሮግራም ታወራላችሁ» የሚለን ይኖራል። አባባሉ ቀላል አይደለም። ይሁን እንጂ የሻገተው ርካሽ ሆኖ የሚሸጠው ለማን ነው? ሻጭዋንም መቅጣት መፍትሔ አይሆንም፤ እርስዋ እንደ ገዢዋ ሁሉ በዓይንዋ አይታ ነው ከጅምላ ነጋዴው የገዛችው። ጥፋቱ የሚጀምረው ዛላው በባዶ መሬት ላይ ሲሰጣ፣ ከዚያም እንዳይሰባበርና ሚዛን እንዲደፋ ውኃ ሲረጭበት ነው። ስለዚህ ገበሬው በሸራ ወይም በቆጥ ላይ እንዲያሰጣ ይረዳ፤ ለደረቀውም ከእርጥቡ የተሻለ ዋጋ ይከፈለው። የከተማው አስተዳደርም ከአላባና ከማረቆ የመጣው ጭነት ሾላ ሲራገፍ፣ ገና ወደ መደቡ ሳይበተን፣ ናሙና የሚወስድ አንድ ሠራተኛና አንድ ጠረጴዛ ያቁም። አፍላቶክሲንን የሚያሳይ የመመርመሪያ ወረቀት ተሠርቷል። ናሙናው ከተዘጋጀ በኋላ ውጤቱን ለማየት ሩብ ሰዓት ያህል ይበቃል፤ በወፍጮ ቤት ተራ የሚጠብቅ ሰው ከዚያ አብልጦ ይቆማል።