ስለ ቤተ ሰብ፦ በጥቁር ቀለም የተነገረ የልጅነት መከራ



ልጁን በፈሪሃ እግዚአብሔር ለማሳደግ የማይመኝ አባት የለም። ነገር ግን ፍርሃት ከፍቅር ተለይቶ ብቻውን በሕፃን ልብ ሲዘራ ምን እንደሚያበቅል ማወቅ ይገባናልና፥ ዛሬ ይህን ነገር ስለሚያስረዳ አንድ መጽሐፍ እንነግራችኋለን።

የመጽሐፉ ስም በአማርኛ «ብርድ ልብሶች» ማለት ነው። ደራሲውም ሠዓሊውም አሜሪካዊው ክሬግ ቶምሰን ነው። እርሱም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1975 ዓመት ተወልዶ በዊስኮንሲን ገጠር አደገ፤ መጽሐፉን በ2003 ዓመት አሳተመ። ከ500 ገጽ የሚበልጠው ይህ የሕይወቱ ታሪክ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በሥዕል የተነገረ ነው፤ ቀለሙም ጥቁር ብቻ ነው።

ቤተ ሰቡ ድኆችና በሃይማኖታቸው እጅግ ጥብቅ ነበሩ። ክሬግና ታናሽ ወንድሙ በአንድ አልጋ ይተኛሉ፤ በብርዱም ሌሊት በአንድ ብርድ ልብስ ይሻማሉ። ሲጣሉም አባታቸው ተቈጥቶ ታናሹን በጨለማ ጓዳ ይዘጋበታል። በትምህርት ቤትም ጓደኞቹ ክሬግን ይመቱታል፥ ያዋርዱታልም። ሥዕል መጽናኛው ስለ ነበረ በሰንበት ትምህርት ጊዜ «በሰማይ እግዚአብሔርን በሥዕል አመሰግናለሁ» የሚል አሳብ ቢያቀርብ፥ አስተማሪዋ አሳቡን አልተቀበለችለትም። በጐረመሰም ጊዜ ሥዕሉን እንደ ከንቱ ነገር ቈጥሮ በገዛ እጁ አቃጠለው።

የሠዓሊው ጥበብ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ሕፃኑ በጓዳ ሲዘጋ ጥቁሩ ቀለም ወረቀቱን ይውጠዋል፤ በረዶ በወረደ ጊዜ ግን ወረቀቱ ነጭ ሆኖ ይቀራል፥ የተመልካቹም ነፍስ ታርፋለች። ራይና የምትባል ልጃገረድ ከቍርጥራጭ ጨርቅ ሰፍታ የሰጠችው ብርድ ልብስም በቡርሽ ጫፍ እየተሣለ ገጹን እንደ ሐረግ ያስጌጠዋል። በብራና ላይ የጸሐፊን እጅ የተመለከተ ሰው፥ ሳይነካ የቀረው ነጭ ስፍራ እንደ ፊደሉ ሁሉ እንደሚናገር ያውቃል።

ክሬግ ባደገ ጊዜ የወላጆቹን ሃይማኖት ተወ፤ ይህንም በአፉ ሊነግራቸው ስላልቻለ በመጽሐፉ ነገራቸው። የአንድ አባትና እናት ልብ በዚህ እንዴት እንደሚቈስል ለናንተ መንገር አያሻም። ሆኖም መጽሐፉ የበቀል መጽሐፍ አይደለም፤ የወንድማማቾቹን ፍቅርና የክረምቱን ውበት ከመከራው ጋራ አስተካክሎ ያሳያል።

እንደ እኛ አሳብ፥ ልጁን ከቤቱ እምነት ያራቀው የጸሎትና የምስጋና ብዛት አይደለም፤ የሚጠይቀውን የሚሰማ ሰው ማጣቱ ነው። ጥብቅ ሥርዓት ልጅን ይጠብቃል፤ ነገር ግን በጨለማ የተዘጋበት ሕፃን የሚማረው ጨለማን መፍራት እንጂ እግዚአብሔርን መፍራት አይደለም። ስጦታውን የናቁበትም ልጅ ስጦታውን የሰጠው አምላክ የናቀው ይመስለዋል።

ስለዚህ፥ ክቡራን ወላጆች ሆይ፤ ልጃችሁ የደብተሩን ጠርዝ በሥዕል ሞልቶ ብታገኙት፥ ወረቀቱን ከመቅደዳችሁ በፊት አጠገባችሁ አስቀምጣችሁ «ይህ ምንድር ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ምናልባት በአንደበቱ ሊነግራችሁ ያልደፈረውን በዚያ ታነቡታላችሁ።