ሞትን በምስል መመርመር

ልጅ በድንገት ሲሞት ወላጅ በሁለት ሐሳብ ይወጠራል። «ምን ነጠቀኝ?» ብሎ ማወቅ ይሻል፤ «ገላውን አትቅደዱብኝ» ማለትም ይሻል። ዛሬ ሁለቱን ለማስታረቅ ሲቲ ስካን እየረዳ ነው።

በሜልበርን ከተማ የሚገኘው የቪክቶሪያ የፎረንሲክ ሕክምና ተቋም ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚረከበውን አስከሬን በሲቲ ስካን ያነሳል። አስከሬኑ ከከረጢቱ ሳይወጣ በደቂቃዎች ውስጥ ይታያል። የተሰበረ አጥንት፣ ጭንቅላት ውስጥ የፈሰሰ ደም፣ ሰውነት ውስጥ የቀረ ጥይት በምስሉ ላይ ይለያል። አንዳንዴ ይህና የደም ምርመራ ብቻ ይበቃሉ፤ አስከሬኑም ሳይቀደድ ለቤተሰቡ ይመለሳል።

ማሽኑ ግን ሁሉን አያይም። መርዝን የሚያጋልጠው የደም ምርመራ ነው። ድንገተኛ የልብ ሕመምም ሊያመልጠው ስለሚችል፣ ቀዶ መመርመር ግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ወላጆች፣ እንዲህ ያለውን ቀን አያምጣባችሁ። ከመጣ ግን «አይሆንም» ከማለታችሁ በፊት ሐኪሙን «በምስል መለየት ይቻላል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። አይቻልም ካላችሁም ምክንያቱን አድምጡ። ልጁን የነጠቀው በዘር የሚተላለፍ የልብ ሕመም ከሆነ፣ ምርመራው የሚጠቅመው ለቀሩት እኅትና ወንድሞቹ ነው።